ቆይ የማይባልበት ቀን

በወሪቦ ሐይቅ መካከል ያለችው የደንገሌ ደሴት በየዓመቱ በረጀብ ወር በአሥራ አራተኛው ቀን ትልቁን በዓሏን ታከብራለች። ደንገሌዎች «የመግባታችን ቀን» ይሉታል፤ አያቶቻቸው ባንድ ድምፅ ወደ እስልምና የገቡበት ነውና። ማዶ የተዳሩ ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው፣ ከተማ የገቡ ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተው ለዚህ ቀን ይመለሳሉ፤ ባለፈው ዓመት በዋዜማው የተሻገረውን ሰው ብቆጥር፣ የታዘሉትን ሕፃናት ሳይጨምር፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነበር። ሁሉም በዋዜማው መሻገር አለበት፤ በበዓሉ ዕለት አንድም ታንኳ ውሃ አይነካምና። ጎሕ ሲቀድ የደሴቲቱ ታንኳ ሁሉ ጫፉን ወደ ሰማይ አድርጎ በየቤቱ ግድግዳ ተደግፎ ይታያል።

እንግዳን ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው ሌላ ነው። በዚያ ቀን በደንገሌ «ቆይ» አይባልም። «ትንሽ ታገስ»፣ «በኋላ»፣ «ነገ» የሚሉትም ነውር ናቸው። የተጠየቀ ሰው የያዘውን አስቀምጦ እዚያው ይመልሳል፤ ድስት ከእሳት እያወረደች ያለች እናት ልጇ ቢጠይቃት ድስቱን መሬት አስቀምጣ ትመልስለታለች፤ መንገድ የተጠየቀ ሽማግሌም ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ያመለክታል። ልጆች ይህን ስለሚያውቁ ከንጋት ጀምረው ፍየል ለምን ጢም እንዳላት፣ ዓሣ እንቅልፍ ይወስደው እንደሆነ ሲጠይቁ ይውላሉ። ያን ቀን ከሚስቶቻቸው ራቅ ብለው መዋል የሚመርጡ ባሎች አሉ እየተባለም ይቀለዳል።

ከማዶ የሚመጡ ዓሊሞች ግን ሌላ ነገር ያነሳሉ። በመስጊዱ ውስጥ ከተቀመጡት አሮጌ ኪታቦች በአንዱ ኅዳግ ላይ ደሴቲቱ የገባችው በረጀብ ሃያ ሁለት እንደሆነ ተጽፏል። «ስምንት ቀን ተሳስታችኋል» ይላሉ እንግዶቹ። የደንገሌ ሽማግሌዎች አይከራከሩም። «እናውቃለን» ይላሉ። የእነዚያ ስምንት ቀናት ነገር ከአባት ለልጅ ሲነገር እንደቆየው እንዲህ ነው።

ነገሩ ከሆነ አሥራ አንድ ትውልድ አልፏል ይባላል። በዚያን ጊዜ ደንገሌ አርባ አንድ ቤት ነበራት፤ ሕዝቧ መጽሐፍ አያውቅም፣ የሚያከብረው የዋርካውን አድባር ነበር፣ ለማዶ ባላባትም አይገብርም። «አገር» ሲሉ ደሴቲቱን ማለታቸው ነበር። ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ የጋራ ነገር በዋርካው ሥር ይመከራል፣ ከየቤቱ አንድ ሰው ይናገራል፣ አንዲት ቤት እምቢ ካለች ነገሩ አይጸናም። ሁለተኛው፣ ቤት ሁሉ ሳይስማማ ከማዶ እንግዳ አይሻገርም። ይህን ሁለተኛውን ያወጡት ከዚያ በፊት አንድ መንገደኛ ይዞት የመጣ በሽታ ከስልሳ ቤት አሥራ ዘጠኙን ስለዘጋ ነው ይላሉ።

ታንኳቸው እንደዛሬው ሁሉ ከደንገል የምትታሰር ነበረች፤ የደሴቲቱም ስም ከዚያ የመጣ ነው። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ታንኳ ከሐይቁ ስትወጣ በጀርባ ተሸክመው ቤት ያደርሷታል፤ ግድግዳ አስደግፈው ያቆሟታል፤ የጠጣችውን ውሃ አንጠባጥባ እስክትደርቅ ሁለት ቀን ይፈጅባታል። የደረቀች ታንኳ ሁለት ሰውና አንድ ሸክም ትይዛለች። ውሃ ውስጥ ያደረች ግን አንድ ሰው ብቻ ትይዛለች፣ እሱም ቁርጭምጭሚቱ እየራሰ። ይህን በደንገሌ ድክ ድክ የሚል ሕፃንም ያውቀዋል።

ሙጪት የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። አንለይ የሚባል የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበራት፤ ሌላ አልነበራትም። ሰርጉ ስለደረሰ አዲስ ጎጆ ቀልሶ ነበርና እሱ አጥሩን ሲያጥር እናቱ የክዳን ሣር ከማዶ ታመላልስ ነበር። ሦስተኛውን ጭነት ስታመጣ ዝናብ ያዛት። ሣሩ እንዳይበሰብስ ተሯሩጣ ወደ ጎጆው አስገባችው፤ ጣቶቿ በብርድ ደንዝዘው ታንኳዋን ማንሳት ቢያቅታት ግን «ቆይ፣ ነገ አቆማታለሁ» ብላ ግማሽ አካሏ ውሃ ውስጥ እንደሆነ ትታት ገባች። ለአንድ ቤት አንድ ታንኳ ነበር።

በዚያው ሰሞን በማዶ ዳርቻ አንድ ሰው ተቀምጦ፣ አሻግሩኝ ለማለት እሳት አንድዶ ጭስ ያስነሳ ነበር። ሼህ ሳቢር የሚባሉ፣ ከሩቅ አገር ተምረው የመጡ ሰው ናቸው። የያዙት አንድ የቆዳ ከረጢት ብቻ ነው። አርባ ኪታብ ነበረበት የሚሉ አሉ፤ አርባ ኪታብ ግን ታንኳ ቀርቶ በቅሎም ይከብዳታል፤ ዛሬ በመስጊዱ ያሉት አሥራ አንድ ናቸውና እኔ አሥራ አንድ ነበሩ እላለሁ። ደንገሌዎች ጭሱን አይተው በዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። ይምጣ ያሉ ነበሩ፣ በሽታ ይዞ እንደሆነስ ያሉም ነበሩ፤ ሁለት ቀን ተማክረው አልተስማሙም። ሰውዬው ዝናብ እየወረደበት ተቀምጧል።

በሁለተኛው ቀን፣ ሙጪት ታንኳዋን ትታ በገባችበት ማታ፣ እራት ላይ አንለይ እንዲህ አለ ይባላል፤

«እናቴ፣ እኛ እስክንስማማ ሰውዬው ይሞታል።»

«አገሩ ይምከርበት። አንተን ማን ሾመህ? ብላ።»

«እበላለሁ። እሱስ ምን ይበላል?»

«ሙሽራ ስለ ሰው እራት አይጨነቅም» አለችና ጉርሻ ጠቅልላ አጎረሰችው፤ እሱም ሳቀ።

በማግሥቱ እሷ ሳትነሳ ወደ ዳርቻ ወረደ። ታንኳዋ ውሃ ውስጥ እንዳደረች አየ። አንድ ሰው ብቻ እንደምትይዝ ያውቃል፤ ስለዚህ ሲመለስ እሱ እንደሚዋኝ ገና ከደሴቲቱ ሳይነሳ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ማዶ ሲደርስ የሆነውን የተናገሩት ሼሁ ራሳቸው ናቸው፤ ያን ጊዜ አይደለም እንጂ። አንለይ እጅ ነስቶ፣ «ይቀመጡ አባቴ፤ ታንኳዋ ውሃ ጠጥታለች፣ እኔ ከኋላ እየገፋሁ እዋኛለሁ» አላቸው። ሼሁም ከረጢቱን አይተው፣ «ይህን እዚህ ልተወውና ሌላ ቀን ላምጣው?» አሉት። «በዝናቡ ይበላሽብዎታል። ግድ የለም፣ ከሣር አይብስም» ብሎ ከረጢቱን በትከሻው ተሸክሞ ወስዶ ጭናቸው ላይ አስቀመጠላቸው። ከዚያም ታንኳዋን ወደ ውሃው እየገፋ አንድ ነገር ጠየቃቸው፤ የጠየቃቸውንና የመለሱለትን በቦታው እንናገረዋለን።

ከማዶ እስከ ደሴቲቱ በደረቅ ታንኳ ሁለት ሺህ ያህል ቀዘፋ ነው። የወሪቦ ሐይቅ ጧት ይተኛል፣ ረፋድ ላይ ነፋስ ያነሳል። አንለይ ከኋላ ሆኖ የታንኳዋን ጭራ በሁለት እጁ ይዞ በእግሩ እየቀዘፈ ሲገፋ፣ ሼሁ ፊታቸውን ወደ ደሴቲቱ አድርገው፣ ከረጢቱን አቅፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቁርአን ይቀሩ ነበር። ውሃ ያስፈራቸው ነበርና ዓይናቸውን አልገለጡም። ታንኳዋ አሸዋውን ስትነካ ዓይናቸውን ገልጠው «ደረስን፣ ልጄ» አሉና ዞሩ።

በዳርቻው ሰዎች በትር ይዘው ቆመው ነበር፤ ሕግ የጣሰውንም የተሻገረውንም ሊመልሱ ነው የወረዱት። ሙጪት ከኋላቸው እየሮጠች መጣች። ታንኳዋን አወቀቻት።

«ባለታንኳው የታለ?» አለች።

«ከኋላዬ ነበር» አሉ ሼሁ። «አሁን ከኋላዬ ነበር።»

በሦስተኛው ቀን በሰሜን በኩል ደንገሉ መካከል አገኙት። በአባቱ ጎን ቀበሩት።

እንግዳውን ማንም አልመለሳቸውም፤ ማንም አልተቀበላቸውም። አያ ጎራው የሚባሉ፣ በዋርካው ሥር ነገር የሚከፍቱ አዛውንት በረታቸውን ሰጧቸው። ሼሁ ከረጢቱን አልፈቱም። በየጧቱ እንስራ ተሸክመው ለልቅሶው ቤት ውሃ ይቀዱ ነበር፤ በደንገሌ ወንድ ውሃ አይቀዳምና የመጀመሪያው ቀን ሴቶች ሳቁ፣ በሁለተኛው ቀን መንገድ ለቀቁላቸው፣ በሦስተኛው ቀን እንስራውን ያሸክሟቸው ጀመር። እንጨት ይፈልጣሉ፤ ለልቅሶኛ ያነጥፋሉ፤ ከሙጪት ደጅ ግን አያልፉም። ማታ በረቱ ውስጥ ብቻቸውን ሲሰግዱ ያዩ ሰዎች መጥተው ለማን እንደሚሰግዱ ጠየቋቸው። እሳቸውም ነገሯቸው። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰው እየበዛ ሄደ፤ በሰባተኛው ቀን በዋርካው ሥር ተሰብስበው ቤት ለቤት ሲጠያየቁ አርባው ቤት «እንገባለን» አለ። የሙጪት ቤት ድምፅ ግን አልነበረም፤ ሙጪት አልመጣችም።

ደግፌ የሚባል፣ ቸኩሎ የሚናገር ሰው ተነሣ።

«ያ ቤትማ ተዘጋ። አንዲት ሴት ብቻዋን ቤት ትባላለች? አርባ ነን፣ አርባው ተስማማ፣ በቃ።»

«ትናንት ንፍሮዋን ስትዘግን ቤት ነበር» አሉ አያ ጎራው። «ዛሬ ነው የተዘጋው?»

ሰው ሳቀ፤ ወዲያው የሳቀው አፈረ። ሼህ ሳቢርም ከተቀመጡበት እንዲህ አሉ፤ «ያች ቤት ካልተቆጠረች እኔም ከእናንተ ጋር አልቆጠርም። ታንኳ ስጡኝና ልመለስ።»

በማግሥቱ አያ ጎራው ወደ ሙጪት ደጅ ሄዱ። ማቋን ታጥቃ፣ ክዳን ያልወጣበትን አዲሱን ጎጆ ፊት ለፊት እያየች ተቀምጣ አገኟት።

«ሙጪት፣ እህቴ፣ አገር እየጠበቀሽ ነው።»

«አገር ልጄን ጠብቆት ነበር?»

«አልጠበቀውም» አሉ ሽማግሌው። «ሁለት ቀን የተማከርነው እኛ ነን፣ የሄደው እሱ ነው። ይህን ልክድሽ አልመጣሁም። ነይና እምቢ በይ፤ እምቢታሽንም ቢሆን ከአፍሽ እንስማው። ካልመጣሽ ግን እንደ ደግፌ ያሉት ቤት የለሽም ይሉሻል።»

«ደግፌ እንዲህ አለ?»

«አለ።»

ተነሥታ ተከተለቻቸው።

በዋርካው ሥር ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ፣ ሼሁ በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሙጪት መሐል ገብታ ቆመች። እንደሚነገረው ድምፅዋ አልጮኸም።

«አንተ ሰው፣ እነዚህ ሁሉ እንግባ እንግባ የሚሉበት ውስጥ ልጄ አለበት?»

«ትልቅ ሰው ናቸው፣ አንቱ በይ እንጂ» አለ ደግፌ።

«ልጄ አንቱ ብሏቸዋል። ምን ተጠቀመ?»

ሼሁም፣ «መልእክቱ ያልደረሰው ሰው አላህ ዘንድ ምክንያት አለው፣ አይጠየቅበትም ይላሉ ዓሊሞች» አሉ።

«አልደረሰውም ነው የምትለኝ? ተሸክሞት አልነበረም?»

ሼህ ሳቢር ይህን ሲሰሙ ከድንጋዩ ወርደው መሬት ተቀመጡ። ከዚያም ስምንት ቀን ሙሉ ያልተናገሩትን ተናገሩ። አንለይ ታንኳዋን ወደ ውሃው ሲገፋ፣ «አባቴ፣ በዚህ ከረጢት ያለው ጽሑፍ ምን ይላል?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር። እሳቸውም፣ «ቆይ፣ ደርሰን ለሁላችሁ ባንድነት እነግራችኋለሁ» አሉት። እሱም ስቆ፣ «እንግዲያው መጀመሪያ ለእኔ ነው፣ የማሻግርዎት እኔ ነኝ» አለ።

«ለአንድ ሰው ነግሬ ደግሞ ለሁላችሁ መናገር ታከተኝ» አሉ ሼሁ። «ሦስት ቀን ዝናብ መትቶኝ ደክሞኝ ነበር፤ ድካም ግን ምክንያት አይሆነኝም። ወደ እስልምና የሚያስገባው የምስክርነት ቃል ረጅም አይደለም። ሁላችሁም ከሰሞኑ ሰምታችሁታል፤ ሁለት ትንፋሽ አይሞላም። እሱን ለአንድ ሰው፣ እሱም ለጠየቀኝ፣ ለማለት ታከተኝ። ከዚያም ዓይኔን ጨፍኜ ስቀራ፣ ሲገፋኝ የነበረው እጅ መቼ ቆሞ መቼ ነፋሱ ይገፋኝ እንደጀመረ አላወቅሁም።»

ሰው ሁሉ ሙጪትን አየ። ትጮኻለች፣ ወይም ድንጋይ ታነሳለች ብለው ጠብቀው ነበር። እሷ ግን ከሼሁ ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀመጠች። እንዲህም አለች።

«ታንኳዋን ውሃ ውስጥ የተውኳት እኔ ነኝ።»

ሕዝቡ ይህን አያውቅም ነበር። ታንኳዋን ሳያደርቅ የሄደ አንለይ ራሱ ነው፣ የሙሽራ ልብ የት አለ እያሉ በልቅሶው ላይ እንኳ ያሙት ነበር። እሷም ሰምታ ዝም ብላለች።

«ሦስተኛውን ሣር ሳመጣ ነው» አለች። «እጄ ደንዝዞ ነበር። ቆይ፣ ነገ አቆማታለሁ አልኩ። ለሣሩ አዘንኩለት፣ ቶሎ ብዬ አስገባሁት። ሣሩ ደረቅ ነው። ሄዳችሁ እዩት፣ አንድ ዘለላ አልራሰም።»

ማንም አልሄደም። ሁለቱ ፊት ለፊት እንደተቀመጡ፣ ሕዝቡም እንደቆመ ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች ይባላል። እስከዚያን ሰዓት ድረስ ሙጪት እምቢ ያለችው ሼሁን ጠልታ ነው ብለው ያስቡ የነበሩ ሁሉ፣ እሷ ልጇን ውጭ ትታ የምትገባበት ቤት እንዳልነበራት ያን ጊዜ ገባቸው።

በመጨረሻ ቀና ብላ ጠየቀቻቸው።

«ልጄ የት ነው?»

አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምታስፈልገው፤ ሼሁ ያችን ቃል ቢሏት አርባ አንደኛው ቤት ይሞላ ነበር፣ የመጡበትም ይፈጸም ነበር። አያ ጎራው እንኳ በዓይናቸው ለመኗቸው ይላሉ።

«አላውቅም» አሉ ሼህ ሳቢር።

«ሌላ ሰው ቢሆን ጀነት ነው ይለኝ ነበር።»

«ይልሽ ነበር። እኔም ሌት ተቀን የምለምነው ያንኑ ነው። ግን ያልተነገረኝን እንዲህ ነው ብዬ ብነግርሽ ሁለተኛ እበድልሻለሁ።»

ሙጪት መቀነቷን አጥብቃ ተነሣች። «ያልዋሸኝን ሰው እሰማለሁ» አለች። «እገባለሁ። ግን ቀኑ ዛሬ አይሁን።»

አያ ጎራው አልገባቸውም። «መቼ ይሁን ታዲያ? ነገ?»

«ልጄ የጠየቀ ቀን ይሁን። ከዚህ አገር ሰው መጀመሪያ ምን ይላል ብሎ የጠየቀ እሱ ነው። አገሩ የገባው ያን ቀን ነው በሉ። ስምንት ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ።»

«እህቴ፣ ያለፈ ቀን እንዴት ይመለሳል?»

«ቀኑን መልሱ አላልኩም። እሱ ቀድሟል፣ እናንተ ኋላ ቀርታችኋል። ድረሱበት ነው የምላችሁ።»

ሰዎች ወደ ሼሁ ዞሩ። እሳቸውም፣ ለሞተ ሰው ቃሉን ማለትም፣ እንዲህ ሆኖ ገብቷል ብሎ መመስከርም በእሳቸው እጅ እንዳልሆነ ተናገሩ፤ «በዓላችሁን ከየት ትቆጥራላችሁ የሚለው ግን የእናንተ ነው፤ ከዚያ ቀን ብትቆጥሩት እኔ የሚከፋኝ ነገር የለም፣ የማፍርበት እንጂ» አሉ። ያን ዕለት ከየቤቱ አንድ አንድ እየተነሣ አርባው ቤት ቃሉን አለ። ሙጪት የመጨረሻዋ ነበረች። ድምፅዋ አልወጣም፤ በአጠገቧ የነበሩት ከንፈሯን አይተው መሰከሩላት። ሼሁም ቀለም በጥብጠው በኪታባቸው ኅዳግ ላይ ጻፉ፤ የገቡት በረጀብ ሃያ ሁለት፣ በዓላቸው በረጀብ አሥራ አራት። እንግዶቹ ዓሊሞች የመጀመሪያውን ግማሽ ያነባሉ፤ ሁለተኛውን ግማሽ ምስጥ ስለበላው አይታይም፣ በቃል ነው የምንይዘው።

ታንኳ በበዓሉ ቀን ውሃ እንዳይነካ የደነገገችው ሙጪት ናት፤ «ቆይ» እንዳይባል ያሉት ሼሁ ናቸው ይባላል። የአዲሱ ጎጆ ሣር ለመጀመሪያው መስጊድ ክዳን ሆነ የሚሉም አሉ፤ ሌሎች ደግሞ ሙጪት ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም፣ እዚያው እንዳለ ብል በላው ይላሉ። እኔ ሁለተኛውን አምናለሁ፤ ጎጆው ነበረበት የሚባለው ቦታ ዛሬም ባዶ ነው።

ሼህ ሳቢር ከደሴቲቱ ሳይወጡ ሃያ ሦስት ዓመት ኖሩ። በየዓመቱ በረጀብ አሥራ አራት፣ ከሶላት በኋላ ዱዓ ሲደረግ፣ ሙጪት ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ «ልጄ የት ነው?» ትላቸዋለች። ዕለቱ ቆይ የማይባልበት ነውና ወዲያው መመለስ ነበረባቸው። «አላውቅም፤ አላህ ያውቃል» ይሏታል። እሷም ትቀመጣለች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሕዝቡ አንገቱን ይደፋ ነበር፤ አንዳንዱም ሴትዮዋ ሰውዬውን እስከ መቼ ትቀጣቸዋለች ይል ነበር። አያ ጎራው ግን አንድ ጊዜ፣ «ቅጣት መስሏችኋል? ከእሷ በቀር የዚያን ልጅ ነገር ከእሳቸው ጋር የሚያነሳላቸው ማን አለ?» አሉ ይባላል። ሁለቱ ከዚያ ቃል ሌላ ዓመቱን ሙሉ አይነጋገሩም ነበር።

ሼሁ ሲሞቱ ተማሪያቸው ኢማም ሆነ። ደግ ሰው ነበር፤ ሙጪትም ያን ጊዜ አርጅታ በሰው ተደግፋ ነበር የምትነሣው። እንደ ልማዷ ስትጠይቀው አንጀቱ አልቻለለትም፤ «ጀነት ነው፣ እናቴ» አላት። ሕዝቡ ደስ አለው። እሷ ግን አልተቀመጠችም።

«አንተ በምን አወቅህ?» አለችው። «እሳቸው ያላወቁትን?»

«አላውቅም» አለ ወጣቱ። «አላህ ያውቃል።»

«አሚን» አለች ሙጪት፣ ተቀመጠች። በተከታዩ ዓመት በሕይወት አልነበረችም።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አልቀረም። በበዓሉ ቀን በዋርካው ሥር ዱዓው ሲያበቃ በዕድሜ ከሁሉ የምትበልጠው የደሴቲቱ ሴት ትነሣለች፣ ኢማሙ ይመልሱላታል፣ ሕዝቡ አሚን ይላል። እኔ ሃምሳ ስምንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ጠያቂዎቹ ስድስት ሴቶች፣ መላሾቹ አራት ኢማሞች ነበሩ፣ ቃሉ አልተለወጠም። ባለፈው ዓመት የተነሡት እትዬ ዘምዘም ናቸው። የልጅ ልጃቸው በባሕር አድርጎ ዐረብ አገር እገባለሁ ብሎ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ድምፁ ተሰምቶ አያውቅም። በሁለት ሴቶች ተደግፈው ቆመው «ልጃችን የት ነው?» ሲሉ፣ የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም። ኢማሙ ዓይናቸውን ከእሳቸው አላነሡም።

«አላውቅም» አሉ። «አላህ ያውቃል።»

ከማዶ የመጣነውም፣ እዚያው ያለነውም፣ አሚን አልን።